ጄሲካ በሽር፦ ከሐረር የወጣችው ልጅ፣ ካሜራ ይዛ የተመለሰችው ዳይሬክተር

ምንትዋብ_ከፔዳ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:20)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እዚህ ባህር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር ተሰባስበን ስለ ፊልም የምንወያይ ጥቂት ሰዎች እንዳለን አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ። የሚቀጥለው ተራ የእኔ ስለሆነ ስለ ጄሲካ በሽር ሕይወትና ሥራ ለመናገር አስቤ ነበር። ሐሳቡን ገና ሳቀርብ ከመካከላችን አንድ ሰው «እሷ ምኗ የእኛ ነው? የሐረር ጫትስ ለባህር ዳር ሰው ምን ያደርግለታል?» ብለው አቋረጡኝ። በዕለቱ የሚያጠግብ መልስ ስላልሰጠኋቸው፣ የማውቀውን በጽሑፍ አስፍሬ እናንተም እንድትጨምሩበት፣ የተሳሳትኩትንም እንድታርሙኝ ወደዚህ አመጣሁት።

ጄሲካ የተወለደችው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። እናቷ ሜክሲኳዊት፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ልጅነቷን ያሳለፈችው ግን ሐረር ነው። 16 ዓመት ሲሆናት በአገሪቱ በነበረው የፖለቲካ ሁከት ምክንያት ቤተሰቡ ተነሥቶ ወደ ሜክሲኮ ሄደ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ይህች ልጅ የተሰደደችው ወደ ተወለደችበት አገር ነው። በወረቀት ቢታይ «ወደ ቤቷ ተመለሰች» ይባል ነበር፤ ጓደኞቿንና የምታውቀውን ጎዳና ሁሉ ትታ የሄደችው ግን ከሐረር ነው። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልምና ሥነ ጽሑፍ ተማረች፤ ኑሮዋንም በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አደረገች።

መጀመሪያ የሠራቻቸው አጫጭር ፊልሞች ናቸው። አንዱ በጣውላ ላይ ቆሞ በጫማው ብቻ ምት እያወጣ ስለሚጨፍር የኒውዮርክ ሰው ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2017 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የታየው «ሐይራት» ሲሆን፣ ከሐረር ግንብ ውጭ ሌሊት ሌሊት ጅብ የሚያበላን ሰው ያሳያል። አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ብዙ ቱሪስት ፎቶ አንሥቶት የሄደውን ነገር እሷ እንደ ሁለት ጓደኛሞች የምሽት ቀጠሮ አድርጋ ቀርጻዋለች፤ ፊልሙም ጥቁርና ነጭ ነው።

ዋናው ሥራዋ «ፋያ ዳዪ» ነው። ስለ ሐረር አካባቢ ጫትና ጫቱን ስለሚኖሩበት ሰዎች የሚያወሳ፣ እሱም ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚወስድ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛና በአማርኛ የሚነገር ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ዘጋቢ ካልነው ማለቴ ነው፣ ምክንያቱም ተራኪም፣ ጠያቂና መላሽም የለበትም። ዳይሬክተሯም፣ ፕሮዲውሰሯም፣ ጸሐፊዋም፣ ካሜራ ያዧም ራሷ ናት። አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2021፣ በኮሮና ምክንያት ሰንዳንስ በኢንተርኔት በተካሄደበት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ኒዮን ከተማ በሚካሄደው የዘጋቢ ፊልሞች ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት አገኘ፤ ለ94ኛው ኦስካርም በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ለመጨረሻው ምርጫ ከቀረቡት 15 ፊልሞች አንዱ ሆነ። አምስቱ ዕጩዎች ውስጥ ግን አልገባም።

ፊልሙን በአዳራሽ ለማሳየት የአከፋፋዩ ፈቃድ ስለሚያስፈልግና እኛ ፈቃዱ ስለሌለን፣ ለጊዜው ስለ ሴትዮዋና ስለ ሥራዋ መናገር ብቻ ነው የምንችለው። ያያችሁት ካላችሁ ምን እንዳያችሁ ንገሩኝ።

አባ_ታንኳ (ቅዳሜ፣ ቀን 7:05)

ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ያቋረጥኩዎት ሰው እኔ ስለሆንኩ በስውር ከምታማ እዚሁ በግልጽ ብናገር ይሻላል። በዕለቱ ድምፄ ከፍ ብሎ ከነበረ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

በመጀመሪያ፣ «ስደተኛ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አንስጥ። እኔ ስደተኛ የምለው በመተማ በኩል ሌሊት ሱዳን የገባውን፣ የደላላ ዕዳ ከነወለዱ ቤተሰቡ ላይ የተቆለለበትን ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ብሩክሊን የተቀመጠ ሰው ሌላ ስም ይፈለግለት። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ፊልም ለማን ነው የሚሠራው? በጭስና በጥላ ያጌጠ የድሀ ፊት ለፌስቲቫል ዳኛ ደስ ይለዋል። ጫት የሚቅም ልጅ የተኛበት ምንጣፍ በጥቁርና ነጭ ሲታይ ያምራል፤ በቀለም ቢሆን ኖሮ ዝንቡም፣ የተጣለው የጫት ገራባም፣ የተደፋው ለስላሳም ይታይ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ የሚከነክነኝ ነው፦ ቀራጭዋ ቀረጻዋን ጨርሳ አውሮፕላን ትሳፈራለች፤ የተቀረጸው ልጅ እዚያው ይቀራል።

እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። በሬ በማይጠመድበት፣ ቡና ከጫካው ጥላ ሥር በሚበቅልበት አገር ነው ያደግሁት። ውጭ አገር ሰው መጥቶ የገዳማቱን ሥዕል ሲያነሣ ስንት ዘመን አይቻለሁ። አንድም ቀን ፎቶው ተመልሶ ለአገሬው አልታየም።

ከቤይሩት_መልስ (ቅዳሜ፣ ምሽት 1:48)

ጋሼ አባ ታንኳ፣ ተቆጥተው ሲጽፉ እንኳ ለዛ ስላለዎት ደስ ይለኛል። ነገር ግን በአንዱ ጉዳይ ልቃወምዎት ነው።

እኔ በእርስዎም መለኪያ ስደተኛ ነበርኩ፤ 9 ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ስለ መሄድ ሁሉም ሰው ያወራል፤ ስለ መመለስ የሚያወራ ግን አላጋጠመኝም። አባይ ማዶ እናቴ ቤት የገባሁ ቀን፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ዓይኔ የሄደው የት እንደሆነ ልንገርዎት? ወደ ምሰሶው። ልጅ ሆነን ቁመታችንን በቢላ እየፋቅን ምልክት የምናደርግበት ምሰሶ ነበር። ቤቱ ታድሶ ምሰሶው በሲሚንቶ ተለብጧል። እናቴ ቤቱን በላክሁት ብር አሳምራ ስለጠበቀችኝ «ደስ አይልም?» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ግድግዳውን እየዳሰስኩ አለቅሳለሁ። እዚያው የኖሩት ወንድሞቼ ምሰሶው መለበጡን ልብም አላሉትም። በየቀኑ የሚያዩትን ነገር ማን ያየዋል?

ፊልሙን ያየሁት አሜሪካ ያለች ዘመዴ ለጥየቃ መጥታ በላፕቶፕዋ ስታሳየኝ ነው። ግማሹ አልገባኝም። ዳሩ ግን አንድ ነገር ወዲያው ገባኝ፤ ያንን ሁሉ ነገር እንዲያ ዝም ብሎ፣ እንዲያ ረጅም ጊዜ የሚያይ ሰው ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው። ጄሲካ ስትመለስ እርሻው ሁሉ ጫት ሆኖ እንዳገኘችው ሲነገር ሰምቻለሁ። ሳትሄድ ቢሆን ኖሮ ለውጡ በዓመት በዓመት ጥቂት ጥቂት እየሆነ ስለሚመጣ አይታያትም ነበር። ለእሷ ግን እንደ እኔ ምሰሶ ባንድ ጊዜ ነው የመጣባት። ስደተኛ ማለት እኮ የከፋው የደረሰበት ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀው አገር እሱ ሳያየው የተለወጠበትም ነው።

ብሩክሊን መኖርና ሰው ቤት መሥራት አንድ አይደለም፤ ይህን እቀበላለሁ። ሲመለሱ የሚያመው ቦታ ግን ያው ነው።

ካሜራማን_ዘአባይማዶ (ቅዳሜ፣ ምሽት 3:30)

በሰርግ ቀረጻ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሙያው አንጻር ጥቂት ልበል።

ጋሼ «በጥቁርና ነጭ ያምራል» ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ማሳመሪያ ብቻ አድርገው ባያዩት እመርጣለሁ። ቀለም ስታነሣ ዓይን የሚይዘው ብርሃኑን ነው። ቤት ውስጥ በበሩ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን፣ የዕጣኑ ጭስ፣ ቅጠሉን የሚያገላብጠው ጣት፣ እነዚህ ብቻ ይቀራሉ። በዚያ ላይ መብራት አልተጠቀመችም ማለት ይቻላል፤ የምታየው ሁሉ ባለበት ብርሃን የተቀረጸ ነው የሚመስለው። የእኛ ሥራ ተቃራኒው ነው። ሙሽሪት ፊት ላይ መብራት እንደቅናለን፣ ዙም እንገባለን፣ እንወጣለን፣ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ እንቆርጣለን። ሰውየው አልቅሶ ሳይጨርስ ወደ ኬኩ እንሄዳለን።

ፊልሙን ካየሁ በኋላ አንድ ሙከራ አደረግሁ። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ብቻዬን፣ ረዳትም መብራትም ሳልይዝ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ደንገሉን እንደ መስቀል ይዘው ጠበቁኝ። የቀረጽኩት ሁሉ ፎቶ ቤት የተነሡት ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ቀን «ዛሬም መጣህ?» አሉኝ፤ ነጠላው ቀረ። ሦስተኛው ቀን እኔን ጭራሽ ረሱኝ። ደንገሉን ዘርግተው፣ በጉልበታቸው ተጭነው፣ ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው እያጠበቁ ሳለ የጎረቤት አህያ መጥታ የደረቀውን ደንገል ትበላ ጀመር። ገመዱ ከአፋቸው ሳይወጣ ነው አህያዋን የሰደቧት። ያቺ 40 ሰከንድ ከ17 ዓመት ሥራዬ ትበልጥብኛለች።

እንግዲህ ለ40 ሰከንድ ሦስት ቀን ከፈጀ፣ አሥር ዓመት የወሰደባት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ገንዘብ ስላልነበራት ብቻ አይመስለኝም። አንድ ሕዝብ ካሜራውን የሚረሳው ባለካሜራው ሄዶ ሄዶ ሲመለስ ነው።

ሌላም አለ። ወይዘሮ ምንትዋብ «ካሜራ ያዧም ራሷ ናት» ብለው ያለፉት ነገር ለእኛ ለባለሙያዎቹ ቀላል አይደለም። እኔ በአንድ ወቅት ለአንድ ዘጋቢ ፊልም አራት ወር ሙሉ ካሜራ ተሸክሜ ዞሬ፣ ፊልሙ ሲወጣ ስሜ በማብቂያው ጽሑፍ ላይ አልነበረም። የአዘጋጁ ሹፌር ስም ግን ነበረ። (ሹፌሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ቅሬታዬ ከእሱ ጋር አይደለም።) ሴት ሆና፣ ውጭ አገር ኖራ፣ ካሜራዋን ለሌላ ሳትሰጥ ራሷ መያዟ ቀረጻው ከእጇ እንዳይወጣ አድርጎታል።

የሮቢት_ልጅ (እሑድ፣ ጠዋት 2:10)

የሁላችሁንም አነበብኩ። ስለ ዳይሬክተሯ ሕይወት የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ጫቱ ግን አለኝ። «የሐረር ጫት ለባህር ዳር ሰው ምን ያደርግለታል?» የሚለው ጥያቄ ትንሽ አስቆኛል። ከከተማው በአዲስ ዘመን መንገድ ወጥታችሁ ዘንዘልማንና ሮቢትን ስታልፉ ግራና ቀኝ ምን እንደሚታያችሁ እናንተም ታውቃላችሁ።

አባቴ ጫት ቀምሶ አያውቅም። ኦርቶዶክስ ነው፤ የንስሐ አባቱም አይፈቅዱለትም። ነገር ግን ላለፉት ብዙ ዓመታት ዳጉሳና በቆሎ የነበረው መሬታችን ጫት ነው። ጉድጓድ ቆፍረን በሞተር ውኃ ስለምንስብ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ እንለቅማለን። በቆሎ አንዴ ነው፤ ያውም ዝናቡ ከፈቀደ። ማታ ማታ ሌባ እንዳይገባ ማማ ላይ ወጥቼ ስጠብቅ ነው ያደግሁት፤ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ያጠናሁትም እዚያው በባትሪ ብርሃን ነው። አባቴ የማይነካውን ነገር እየሸጠ ነው ያስተማረኝ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ማንም ሰው በፊልም አሳይቶን አያውቅም፤ ስለ ጫት የሚሠራው ሁሉ «ወጣቱን ያጠፋው ሱስ» የሚል ነው።

የጄሲካ ፊልም ለየት ያለብኝ በዚህ ነው። ቅጠሉን ከሥሩ ጀምራ ነው የምትከተለው። መጀመሪያ ጸሎት ነው፤ በሐረር አባቶች ዘንድ የዱዓ ማጀቢያ፣ የሕይወት ውኃ ፍለጋ ተረት የሚነገርበት ነገር ነው። ቀጥሎ ሥራ ነው፤ የሚለቅሙት፣ የሚመርጡት፣ ዙርባውን የሚያስሩት፣ የሚጭኑት። ከዚያ ወዲያ ነው ምርቃናው የሚመጣው፤ ወጣቱ በአካል ሳይሄድ የሚሄድበት። «ፋያ ዳዪ» የሚለው ስምም ለቃሚዎቹ እየለቀሙ ከሚያዜሙት የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም ጤናን መውለድ እንደማለት ነው። ለምርቃና ይህን ስም መስጠት ለሰሚው ምጸት ሊመስል ይችላል፤ ለሚለቅመው ሰው ግን ምጸት አይደለም፤ እንጀራው ነው።

በፊልሙ ውስጥ ያለው ጥድፊያም ዝም ብሎ አይደለም። የጫት ኃይል ካቲኖን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው የሚመጣው፤ እሱም ቅጠሉ ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ውስጥ እየከሰመ ይሄዳል። አይሱዙዎቹ እንዲያ የሚበሩት ለዚህ ነው። ቡና በጆንያ ዓመት ይቀመጣል፤ ጫት አይጠብቅም። ሐረርጌ ውስጥ ቡናው ተነቅሎ ጫት ሲተከል ገበሬው የሰነፈ መስሎ ለሚታየው ሰው፣ አባቴ ጋ ቁጭ ብሎ አንድ ዓመት ሒሳብ ይሥራ።

ጋሼ የዘጌ ቡና ከጥላው ሥር ስላለ ደስ ይበልዎት። የእኛ መሬት ግን ጥላ አልነበረውም።

ቀለም_ሰብሳቢ (እሑድ፣ ቀን 8:00)

ውይይቱ ጥሩ መንገድ ይዟል፤ አንድ ነገር ግን እየተዘነጋ ይመስለኛል። ጄሲካ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ከአገር ወጥተው ስለ አገር ፊልም የሠሩ ሴቶች ከእሷ በፊት ነበሩ፤ የእሷን መንገድ ከእነሱ ጋር አስተያይተን ካላየነው ከሰማይ የወረደች እናስመስላታለን።

ሳሌም መኩሪያን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1947 አዲስ አበባ ተወልደው፣ ወደ አሜሪካ ሄደው፣ ቦስተን በሚገኘው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ኖቫ» በተባለው የሳይንስ ዝግጅት ላይ ሠርተዋል፤ በኋላም በማሳቹሴትስ የዌልስሊ ኮሌጅ መምህርት ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 «ስደት» የተባለ ፊልም ሠሩ፤ ሱዳን ውስጥ በስደት ስለሚኖሩ ሦስት ሴቶች ነው። ጋሼ አባ ታንኳ በመተማ በኩል ስለሚያልፈው ሰው ሲጽፉ ወዲያው ትዝ ያለኝ እሱ ነው፤ አሜሪካ የተቀመጠችው ስደተኛ፣ ሱዳን የተቀመጠችውን ስደተኛ ለመቅረጽ የተጓዘችበት ፊልም ነው። ቀጥሎ የመጣው «የወንዝ ማዕበል» ደግሞ በአብዮቱ ዘመን ያጡትን ወንድማቸውንና የቅርብ ጓደኛቸውን የሚፈልጉበት ሥራ ነው። ሳሌም በፊልሙ ውስጥ በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ፤ «እኔ» ይላሉ። ጄሲካ ግን ፊልሙ ውስጥ የለችም፤ ሐረር ያደገች ልጅ መሆኗን ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ላያውቅ ይችላል። ያንዷ ጥያቄ «የእኔ ሰዎች የት ደረሱ?» ሲሆን የሌላዋ «እዚያ የቀሩት እንዴት ዋሉ?» ነው። እኔ በግሌ የሳሌም ይበልጥብኛል፤ ምናልባት ዘመኑን ስለማውቀው ይሆናል።

ለጣና ሰው ደግሞ የቀረበው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ናቸው፤ ፊልሙ ከጀርመን የተመለሰ ምሁር በጣና ዳር ወዳለው የእናቱ መንደር ሲገባ የሚሆነውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል፤ በተከታዩ ዓመትም በዋጋዱጉ የሚካሄደውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወስዷል። በፕሮዲውሰርነት ከደከሙት አንዷ እህታቸው ሰሎሜ ገሪማ ናቸው። ስለ ፊልሙ የጻፈው ሁሉ ኃይሌን ሲያነሣ፣ ሰሎሜን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ካሜራማኑ ስለ ማብቂያው ጽሑፍ ያነሣው ቅሬታ እዚህም ላይ ይሠራል።

ፊልም_ወዳድ12 (እሑድ፣ ቀን 8:25)

የት ማግኘት ይቻላል? ቴሌግራም ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ምንትዋብ_ከፔዳ (እሑድ፣ ቀን 9:10)

ወንድምዓለም፣ ቴሌግራም ላይ ባይገኝ እኔ ደስ ይለኛል፤ አሥር ዓመት ለፍታ የሠራችውን በነጻ መውሰድ አይገባም። ክራይቴሪየን የተባለው ድርጅት በዲስክ አውጥቶታል፤ ውጭ አገር ዘመድ ካለህ መላክ ይችላል።

ለየሮቢት ልጅና ለእታለም ከቤይሩት መልስ ልዩ ምስጋና አለኝ። እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር የሽልማትና የዓመት ቁጥር ዝርዝር ነበር፤ አሁን አብዛኛውን ሰርዤዋለሁ።

አባ_ታንኳ (ሰኞ፣ ምሽት 2:15)

ያላየሁትን ፊልም መንቀፌ ስላላማረኝ፣ የእታለምን ዘመድ ላፕቶፕ በእሷው በኩል ለምኜ ትናንት ማታ አየሁት። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ባለቤቴ ቀስቅሳኝ እንደገና ጀመርነው።

ሁለት ነገር እመልሳለሁ፤ አንዱን እይዛለሁ። የምመልሰው አንደኛው፣ «ለፌስቲቫል ዳኛ የተሠራ ጌጥ ነው» ያልኩትን ነው። ዳኛን ለማስደሰት የሚሠራ ሰው እንዲህ አያስተኛም፤ ይልቁንም ያስለቅሳል። ሁለተኛው፣ ስለ ስደተኛነቷ ያልኩት ነው፤ የምሰሶው ነገር አሸንፎኛል። እኔም አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ተምሬ ዘጌ ስመለስ የወደቡ ዋርካ ተቆርጦ አግኝቼ ጀልባው ላይ ቆሜ የቀረሁበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ያውም እዚሁ አገር ውስጥ።

የማልለቀው ግን የልጁን ነገር ነው። ፊልሙ ውስጥ አባቱ በጫት የተያዘበት፣ እሱ ራሱ ባሕር ተሻግሮ መሄድን የሚያስብ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አለ። ስለ አባቱ ቁጣ ይናገራል፤ ስለ እናቱም ያወራል። ይህ በዓለም ሁሉ ታየ። አባትየው ይህን ሲያይ ምን ይላል? ልጁ ሲያድግ «ያን ቀን ያልኩትን ባላልኩ» ቢልስ? አሥር ዓመት መመላለስ ብዙ ነገር ይፈታ ይሆናል፤ ይህን ግን ይፈታል ብዬ አላምንም። ካሜራማኑ ታንኳ ሠሪውን ሲቀርጽ ስድቡን ለማሳየት ፈቃድ ጠይቋል?

ካሜራማን_ዘአባይማዶ (ሰኞ፣ ምሽት 2:40)

ጋሼ፣ አልጠየቅሁም። ለመቅረጽ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ የቀረጽኩትን ለማሳየት ግን አልጠየቅኋቸውም። ነገ እሄዳለሁ።

ከቤይሩት_መልስ (ሰኞ፣ ምሽት 3:05)

ስለ ልጁ እኔም አስቤበታለሁ። ነገር ግን ጋሼ፣ በ14 ዓመቱ እንዲያ ሲናገር የሚሰማው ሰው ነበረው? እኔ በ19 ዓመቴ ስሄድ «ለምን ትሄጃለሽ?» ብሎ ቁጭ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። ደላላው እንኳ የጠየቀኝ ቁመቴን ነው። ያ ልጅ ጠያቂ ማግኘቱ ይጎዳዋል ወይስ ይጠቅመዋል የሚለውን ለመፍረድ ይከብደኛል። ያን ጊዜ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ በካሜራ ቢይዘኝ፣ ዛሬ ባየው ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።

የሮቢት_ልጅ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30)

አንድ ነገር ብቻ። ፊልሙ የተቀረጸባቸው ዓመታት ሐረርጌን ጨምሮ በብዙ ቦታ የወጣቱ ተቃውሞ የነበረበት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ዘመን ነው። በዚያ ወቅት ብቻዋን ካሜራ ይዛ መንደር ለመንደር የምትዞር ሴት ምን እንደሚያጋጥማት አስቡት። ወጣቶቹ ስለ ተቃውሞው የሚናገሩት ዝግ ባለ ድምፅና በተዘዋዋሪ ነው፤ እሷም ዝም ብላ ታዳምጣለች እንጂ ጥያቄ አትደረድርም። ዘመኑን እዚሁ የኖረ ሰው እንዲያ ያለውን ንግግር ማብራሪያ ሳይፈልግ ይረዳዋል።

ምንትዋብ_ከፔዳ (እሑድ፣ ጠዋት 4:00)

የትናንቱ ስብሰባ እንዴት እንደነበረ ለጠየቃችሁ።

23 ሰው መጣ፤ ከወትሮው እጥፍ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ ስላበተነው ንግግሬን አሳጥሬ ስለ ጄሲካ ሕይወት በቃሌ ተናገርኩ። ፊልሙን ስላላሳየን፣ በምትኩ ካሜራማናችን ያዘጋጀውን የ11 ደቂቃ የታንኳ ሥራ ቀረጻ አየን። ታንኳ ሠሪው አባትም በክብር እንግድነት ተጋብዘው ነበር፤ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ስድቡ እንዲታይ ፈቅደዋል፤ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ያሉት «አህያዋ ካልከሰሰችኝ ምን ቸገረኝ» ነው አሉ። ቦታው ሲደርስ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ማያ ገጹን ትኩር ብለው ያያሉ።

ሲያልቅ አባ ታንኳ ተነሥተው «አባቴ፣ ራስዎን ሲያዩት እንዴት አገኙት?» ብለው ጠየቋቸው። አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና ወደ ካሜራማኑ ዞረው እንዲህ አሉት፦ «የመጨረሻዋን ቋጠሮ አላሳየህም። አፍንጫዋን ወደ ላይ ስናቀና የምናስራት አለች፤ እሷ ካልታሰረች ታንኳው ውኃ ላይ ይበተናል። ያን ሰዓት አንተ ምሳ ሄደህ ነበር።»

ካሜራማኑ እውነት መሆኑን አመነ። ሐሙስ አዲስ ታንኳ ስለሚጀምሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲመጣ ቀጠሩት።

አባ_ታንኳ (እሑድ፣ ጠዋት 4:35)

እኔም ሐሙስ እመጣለሁ። ካሜራ አልይዝም፤ ምሳውን እይዛለሁ።